«ጋሸና ወራጅ አለ?»

ረዳቱ የሚኒባሱን በር በመዳፉ እየደበደበ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ወራጁ እኔ ነበርኩ። ቦርሳዬን ከአንድ የበርበሬ ጆንያ ስር ጎትቼ አወጣሁና ወረድኩ። መኪናው ጭሱን ለቆብኝ ወደ ደብረ ታቦር አቅጣጫ ቀጠለ። ረፋድ ነው፤ ፀሐይም አለች። ግን የጋሸና ፀሐይ ታበራለች እንጂ አታሞቅም። ዙሪያዬን የቆመው ሰው በሙሉ ጋቢና ፎጣ ደራርቧል። እኔ በሸሚዝ ነኝ። ማንም ምንም አላለኝም፤ ግን አይናቸው «ይሄስ ከቆላ ነው የመጣው» ይል ነበር።

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነው፤ ከጦርነቱ በፊት። ወደ ላሊበላ እየሄድኩ ነበር። አዲስ አበባ ላይ አንድ ወዳጄ «ለምን አውሮፕላን አትይዝም? በአንድ ሰዓት ትደርሳለህ» ብሎኝ ነበር። ለመልሱ የኪሴን ሁኔታ መናገር ይበቃ ነበር፤ ግን ኩራቴ አልፈቀደልኝምና «መንገዱን ማየት ስለምፈልግ ነው» አልኩት። ውሸት ነበር። ጋሸና መስቀለኛው ላይ ቆሜ የሚቀጥለውን መኪና ስጠብቅ ግን ውሸቴ ቀስ እያለ እውነት ሆነ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ስለ ላሊበላ ምን ታውቃላችሁ? አሥራ አንድ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ የዛግዌ ዘመን፣ ቤተ ጊዮርጊስ፣ ዩኔስኮ… ይኼን ሁላችንም ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ሸምድደነዋል። ስዕሉ በቀን መቁጠሪያ ላይ፣ በሆቴል ግድግዳ ላይ፣ በቲሸርት ላይ አለ። ወደዚያ የሚወስደው መንገድስ? ማን ጠረገው? መቼ? ለማን ብሎ? ይኼን የጠየቀን አስተማሪ የለም፤ እኛም ጠይቀን አናውቅም። ታሪካችንን እንደ ደሴት ነው የተማርነው፤ አክሱም አንድ ደሴት፣ ላሊበላ አንድ ደሴት፣ ጎንደር አንድ ደሴት። በመሀላቸው ያለው አገር ባዶ ውኃ ይመስል።

በአውቶቡስ መስኮት

በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ይህ ስህተት በራሱ ጊዜ ይታረምለታል። ከአዲስ አበባ ላሊበላ በወልድያና በጋሸና በኩል ወደ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስታችሁ፣ መናኸሪያ በር ላይ ከጫኝና አውራጅ ጋር ተጋፍታችሁ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትነሳላችሁ። መስኮት የሚከፍት ሰው እንደ ወንጀለኛ ይታያል። ፌስታል ይታደላል። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ራሱ ወደ እናንተ መምጣት ይጀምራል።

ጣርማበር ላይ ዋሻው አለ። ጣልያን በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን የሰነጠቀው ነው፤ ገብታችሁ ስትወጡ ደጋው አልቆ ገደሉ ከእግራችሁ ስር ይጀምራል። ከደሴና ከሐይቅ አልፋችሁ ውጫሌ ትደርሳላችሁ። አዎ፣ ያው ውጫሌ! በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው፣ አንቀጽ 17ቱ አድዋን ያመጣው ውል ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። አውቶቡሱ ግን አይቆምም። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ውጫሌን ስናልፍ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበር፤ ልቀሰቅሰው አስቤ ተውኩት። ወልድያ አደርን። በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ይዘን ድልብን አልፈን ወደ ላይ መጠምዘዝ ጀመርን፤ ጆሮ እስኪደፈን ድረስ። ላይ ስንወጣ መሬቱ ጠረጴዛ ሆነ። ገብስ፣ በግ፣ ነፋስ። ያ የዋድላና የመቄት ደጋ ነው። ጋሸና የተቀመጠችው በዚህ ደጋ ጀርባ ላይ ነው።

ለመሆኑ ጋሸና ምን ዓይነት ቦታ ናት? ከተማ ልትሏት ትችላላችሁ፤ ግን በመጀመሪያ መገናኛ ናት። በምሥራቅ ወልድያ፣ በምዕራብ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር፣ በሰሜን ላሊበላ፣ በደቡብ ኮንና ደላንታ። አራት መንገድ። ከዚያም የሚደንቀው፣ የዚህ ደጋ ጀርባ ውኃ ከፋይ ነው። በሰሜን በኩል የወረደው ዝናብ ወደ ተከዜ ይወርዳል። በደቡብ በኩል የወረደው ወደ ጅጣ፣ ከጅጣ ወደ በሽሎ፣ ከበሽሎ ወደ ዓባይ። ተከዜም ዓባይም ሱዳን ገብተው ነው ተመልሰው የሚገናኙት። ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ጠብታዎች ጋሸና ላይ ተለያይተው አገር ለአገር ዞረው ሱዳን ላይ ሰላም ይባባላሉ ማለት ነው።

ይኼን የተናገርኩት ለማስዋብ አይደለም። የመንገዱ ታሪክ በሙሉ ከዚህ ይነሳል። ግራና ቀኙ ገደል በሆነበት አገር መንገድ ማውጣት የሚቻለው በጀርባው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጣው ሁሉ፣ ንጉሥም ወራሪም መሐንዲስም ወታደርም፣ ተራ በተራ የመጣው በዚሁ ጀርባ ላይ ነው።

መንገድ ሲዘጋ የተሠራች ከተማ

ከመጀመሪያው እንጀምር። ላሊበላ ራሷ የመንገድ ታሪክ ናት። ትውፊቱ እንደሚለው ንጉሥ ገብረ መስቀል ላሊበላ ኢየሩሳሌምን አይቶ ተመልሶ፣ ሮሃ በምትባለው አገሩ ሌላ ኢየሩሳሌም አነጸ። ወንዙን ዮርዳኖስ አለው፤ ጎልጎታም ደብረ ዘይትም አሉ። ብዙዎች ይህን ሲያስረዱ የሚሉት ወደ ቅድስት አገር መሄድ ከባድ ለሆነበት ሕዝብ ኢየሩሳሌምን በእግር በሚደረስበት ቦታ ለማምጣት ነው። ጊዜውም ይገጥማል፤ ሳላዲን ኢየሩሳሌምን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1187 ነው፤ ላሊበላ የነገሠውም በዚያው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ላይ ነው። ምሁራኑ ግን አንድ አይደሉም። አርኪዮሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዳንዶቹ ከላሊበላ በፊት በነበሩ ክፍለ ዘመናት መፈልፈል እንደጀመሩ ይከራከራል። ለኔ ጉዳይ ሁለቱም ያው ነው። ሕዝቡ ለ800 ዓመት ሲያምን የኖረው የመንገዱን ችግር ንጉሡ እንደፈታለት ነው፤ የሩቁን ቅርብ አደረገለት።

የቀረበው ግን ለእግር ነው። ለመንኮራኩር አይደለም። ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ፣ ከጎንደር ለገና የሚመጣው ምእመን ስንቁን በአቁማዳ ይዞ፣ ወንዝ ለወንዝ፣ ሳምንትና ከዚያ በላይ ተጉዞ ነበር የሚደርሰው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በልብነ ድንግል ዘመን አገራችን ሲቆይ ላሊበላን አይቷል። መጽሐፉ ሊዝበን ላይ በ1540 ታተመ። አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ ከዘረዘረ በኋላ «ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም» ብሎ ፈርቶ፣ የጻፈው እውነት ስለመሆኑ በእግዚአብሔር ስም ምሎ ነው የተወው። ከእርሱ በኋላ እኛ ዘንድ የደረሰ አውሮፓዊ ተጓዥ ሁሉ ማለት ይቻላል እርሱን አንብቦ የመጣ ነው። እኛ ግን በእርሱ መሐላ ላይ የምንጨምረው ነገር አለ፤ አልቫሬዝ የደነገጠለትን ድንጋይ አንድ ገበሬ በየዓመቱ በእግሩ እየመጣ ይስመው ነበር። ገበሬው ግን መጽሐፍ አልጻፈም።

ሴባስቶፖልና 44 ዝሆኖች

አሁን ወደ ጋሸና ደጋ እንመለስ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሱ። ይዘውት የተነሱት ነገር መካከል ጋፋት ላይ ያስቀለጡት ሴባስቶፖል አለ፤ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ። በቅሎ አይሸከመው፣ ግመል አይሸከመው። በሠረገላ ላይ ጭነው በሰው ጉልበት ማስጎተት ነበረባቸው። ሠረገላ ደግሞ መንገድ ይፈልጋል። መንገድ ደግሞ አልነበረም።

ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ መንገድ ሠሩ። በጨጨሆ በኩል፣ በዘቢጥ በኩል፣ የደጋውን ጀርባ ይዘው ወደ ቤተ ሆር። ድንጋዩን አፈነዱ፣ ጥሻውን መነጠሩ፣ ገደሉን ቆረጡ። ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ እንደነበር ያዩዋቸው አውሮፓውያን ጽፈዋል። ቤተ ሆር ላይ ደጋው ያበቃል፤ ከፊታቸው የጅጣ ገደል ተከፈተ። ወደ ታች ጠመዝማዛ መንገድ ቆርጠው መድፉን አወረዱት፤ እንደገና ወደ ደላንታ አወጡት፤ እንደገና ወደ በሽሎ አወረዱት። መቅደላ የደረሱት ከስድስት ወር ገደማ ጉዞ በኋላ ነው። በእግር ያለ ጭነት በጥቂት ቀናት የሚያልቅ መንገድ ነበር።

ታሪክ ደግሞ ይቀልዳል። በዚያው ጊዜ ጄኔራል ናፒየር ከቀይ ባሕር ተነስቶ ወደ ደቡብ እየወረደ ነበር። ወደ 13,000 ወታደር፣ በአሥር ሺህ የሚቆጠር የጭነት ከብት፣ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች። የዋድላን ደጋ ወጥተው ቤተ ሆር ሲደርሱ ምን አገኙ? የቴዎድሮስን መንገድ! እንግሊዞቹ ወደ ጅጣ የወረዱት ቴዎድሮስ በቆረጡት መንገድ ነው፤ የሥራውን ጥራትም አድንቀው ጽፈዋል። ንጉሡ መድፋቸውን ለማሳለፍ የጠረጉት መንገድ ጠላታቸውን እስከ ደጃፋቸው አደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ተጋድሞ አለ፤ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ የምናየው አምሳያውን ነው።

ጋሸና ቆሜ ይኼን ሳስብ በዓይነ ሕሊናዬ የታየኝ ዝሆኑ ነው። በዚህ ብርድ! የዋድላ እረኛ በጎቹን እየጠበቀ ሳለ መድፍ የጫነ ዝሆን በጭጋጉ ውስጥ ብቅ ሲልበት… ለሚስቱ ማታ ምን ብሎ ነገራት? አምናውስ ይሆን? አልቫሬዝ ላለመታመን የፈራው ፍርሃት የእረኛውም ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ዘመቻ ጋር አብሮ የመጣው ጀርመናዊው አሳሽ ጌርሃርድ ሮልፍስ በዚያው 1868 እ.ኤ.አ. ላሊበላን አየ፤ ስለ ላሊበላም ጻፈ። የእረኛውን ግን የጻፈለት የለም።

ከመንገዱ በፊት የመጣ አውሮፕላን

ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ገደማ ጸጥታ ነው። ላስታ በበቅሎና በእግር ነው የኖረችው። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ ከምጽዋ ተነስታ ከአንዲት በቅሎ ጋር አገራችንን ስታቋርጥ ላሊበላ ደርሳለች። ከፈረንጅም እንዲህ ያለ አለ፤ መንገዱን ፈልጎ የመጣ።

ሌሎቹ ግን በአውሮፕላን መምጣት ጀምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቱሪዝም ሲታሰብ ላሊበላ አቅራቢያ አፈር የሆነ ማረፊያ ተደለደለ። ክረምት ሲገባ ጭቃ ስለሚሆን አይሠራም። በ1966 እ.ኤ.አ. ጣልያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው ጥገና ተጀመረ። በ1978 እ.ኤ.አ. ደግሞ ላሊበላ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ሰፈረች። እንግዲህ አስቡት፤ የኒውዮርክ ሰው በሁለት ቀን ላሊበላ ይደርሳል፤ የደላንታ ሰው ግን እንደ አያቱ በእግሩ ነው። አውሮፕላኑ ከመንገዱ ቀድሞ ደረሰ።

ይህ የኛ ጉድ ብቻ አይደለም። በመካከለኛው አሜሪካ የማያ ሕዝብ የሠራት ቲካል የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች፤ ጓቲማላ ጫካ ውስጥ። በድንጋይ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ዓመቷ 869 ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰው ትቷት ዛፍ ዋጣት። እ.ኤ.አ. እስከ 1951 ድረስ ወደዚያ መድረስ የሚቻለው ብዙ ቀን በእግር ወይም በበቅሎ ተጉዞ ነበር። በ1951 ግን ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራላት። ዓለም ቅርስ የሆነችው በ1979 ነው፤ ከላሊበላ በዓመት ተከትላ። ዛሬ የድሃ አገር ወጣት ሁሉ እንደሚያደርገው የጓቲማላም ተማሪ በአውቶቡስና በሚኒባስ እየተቀያየረ ይሄድባታል። ቲካልና ላሊበላ በዚህ ወንድማማች ናቸው፤ መጀመሪያ ሩቅ ነበሩ፣ ቀጥሎ በሰማይ ለሩቁ ሰው ቅርብ ሆኑ፣ በመጨረሻ በምድር ለቅርቡ ሰው ተከፈቱ።

ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። ቲካል ፍርስራሽ ናት። ላሊበላ ፍርስራሽ አይደለችም። ቲካልን ያገኛት ሰው «አገኘሁ» ሊል ይችላል፤ ላሊበላን ግን ማንም አላገኛትም፤ ምክንያቱም አልጠፋችም። ቅዳሴው አልተቋረጠም። የውጭ መጻሕፍት «ጥንታዊ ፍርስራሾች» በሚል ዝርዝር ውስጥ ሲከቷት ሳይ የሚያናድደኝ ይህ ነው። በፍርስራሽ ውስጥ ሻማ አይሸጥም፤ ሕፃን ክርስትና አይነሳም።

ቻይና መንገድ

መንገዱስ በመጨረሻ እንዴት መጣ? ከማይጠበቅ አቅጣጫ። ኢትዮጵያ ለቤጂንግ መንግሥት እውቅና የሰጠችው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1970 ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በኛ 1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቻይና ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ። ከዚያ ግንኙነት ከወጡት ፍሬዎች አንዱ ወልድያን ከወረታ የሚያገናኘው፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው መንገድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሲሠራ አላዩትም፤ ሥራው የተከናወነው በደርግ ዘመን ነው። ሕዝቡ «ቻይና መንገድ» አለው፤ ስሙም እስከ ዛሬ አለ።

ቻይናዎቹ የት በኩል ሄዱ? በደጋው ጀርባ ላይ ነዋ! በጨጨሆ፣ በነፋስ መውጫ፣ በመቄት። ከቴዎድሮስ መንገድ ጋር ብዙ ቦታ ጎን ለጎን ነው፤ መልክአ ምድሩ ሌላ ምርጫ አይሰጥማ። ከዚህ መንገድ ላይ 64 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ስትገነጠሉ ላሊበላ ነው። የመገንጠያው ስም ጋሸና። እንዲህ ነው አንዲት የደጋ መንደር የላሊበላ በር የሆነችው። ሻይ ቤት ተከፈተ፣ አልጋ ቤት ተከፈተ፣ ጎማ የሚለጥፍ ተቀመጠ። መንገድ ከተማ ይወልዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

እኔም ከነዚያ ሻይ ቤቶች አንዱ ደጃፍ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሦስት ሰዓት ጠበቅሁ። መኪና የለም። አንድ አይሱዙ መጣ፤ ሲሚንቶ ጭኗል። ከጎኔ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ በእጃቸው በፌስታል የተጠቀለለ ጧፍ ይዘዋል። ከዳውንት በኩል ነው የመጡት። ስለት አለባቸው።

«በሞቴ ያዝ» ብለው የገብስ ቆሎ ዘገኑልኝ።

«እማማ፣ ድሮ በእግር ነበር የምትሄዱት አይደል?» አልኳቸው።

«በእግር ነዋ ልጄ። ከእናቴ ጋር ልጅ ሆኜ ሄጃለሁ። ተከዜ ወርደን አደርን።»

እኔ ደግሞ ከተሜ አይደለሁ? ወዲያው ቅኔ ፈለግሁ። «ያኔ በረከቱ ይበልጥ ነበር?» አልኳቸው።

ቆሎአቸውን ማኘክ አቁመው አዩኝ። «አይ አንተ ልጅ። የልጆቼን አባት ሕመም በጠናበት ጊዜ በቃሬዛ ተሸክመን መኪና መንገድ ሳንደርስ ነው እቅፋችን ውስጥ ያለፈው። እግዜር መንገድ ያብዛ በል።»

ሌላ አልጠየቅኋቸውም። ዝም ብዬ ቆሎዬን በላሁ።

ይኼን እዚህ የጻፍኩት አንድ ክርክር ስላለ ነው። አንዳንድ ሰው፣ በተለይ የከተማ ሰው፣ «መንገድ ገብቶ ላሊበላን አረከሳት፤ በረከቱ በድካሙ ነበር» ይላል። እኔም በልቤ እንዲህ ስል ነበር የሄድኩት። የደከመው ሰው ግን እንዲህ አይልም። ድካምን የሚያቆነጅ ያልደከመ ነው። በረከት በእግር መሄድ ላይ ነው ብሎ በፈቃዱ የሚሄድ ምእመን ዛሬም አለ፤ እሱ ሌላ ነው፤ ምርጫው ነው። ምርጫ የሚሆነው ግን መንገዱ ሲኖር ነው።

በመጨረሻ ቅጥቅጥ መጣ። ተጨቃጭቀን ገባን። እማማን የፊት ወንበር አስቀመጥናቸው። ጠጠር መንገዱ ከደጋው ጫፍ ተነስቶ ወደ ተከዜ ሸለቆ መውረድ ጀመረ። ብርዱ በየጠመዝማዛው እየቀነሰ ሄደ፤ ሙቀቱ መጣ፤ አቧራው መጣ። ተከዜ እዚህ ገና ልጅ ነው፤ ምንጩ ሩቅ አይደለም። ሑመራ ላይ የምናውቀው ያ ትልቅ ወንዝ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። ተሻግረን፣ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል አልፈን፣ የነአኵቶ ለአብን ዋሻ ቤተ ክርስቲያን በስተጎን ትተን ወደ ላይ ወጣን። ከተማዋ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ስር ብቅ ስትል እማማ ተነስተው ቆሙ። አውቶቡስ ውስጥ፣ እየተናጠ፣ ቆመው ሦስት ጊዜ አማተቡ። ሹፌሩ «እናቴ ይቀመጡ» አላቸው። አልሰሙትም።

ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ አልጽፍም፤ ብዙ ተጽፏል። ቤተ መድኃኔዓለም 33 ሜትር ርዝመት አላት፤ ቤተ ጊዮርጊስ ከአለቱ ወደ ታች 12 ሜትር ገደማ ትወርዳለች። አልቫሬዝ እውነቱን ነው።

መገንጠያው ሲዘጋ

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ግን ጋሸና ከዚያ በኋላ በሌላ ስም ታወቀች። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና ቱሪስት ጠፋ። ጥቅምት 2013 ላይ በሰሜኑ ጦርነት ጀመረ። በሐምሌ 2013 መጨረሻ ላሊበላ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። ከዚያ በኋላ በዜና ስትሰሙት የነበረውን አስታውሱ፤ «የጋሸና ግንባር»። እኔ ቆሎ የበላሁበት መስቀለኛ ምሽግ ሆነ። ለምን ጋሸና? መልሱን ከላይ አይታችሁታል። አራት መንገድ፣ አንድ ጀርባ። ጋሸናን የያዘ ወልድያን፣ ደብረ ታቦርን፣ ላሊበላን፣ ደላንታን ይጠብቃል። በኅዳር 2014 መንግሥት ጋሸናንና ላሊበላን መልሶ መያዙን አስታወቀ፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ ላሊበላ እንደገና እጅ ቀየረች፤ በዚያው ወር ደግሞ እንደገና ተመለሰች። በአምስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ባለቤት ተቀያየረባት። በየመቀያየሩ መካከል የሞተው ሰው ስም አለው፤ እናት አለው። የዚያ ዓመት ገና ላሊበላ ላይ ተከበረ፤ መብራት ግን አልነበረም።

ቴዎድሮስ የጠረጉት መንገድ ናፒየርን እንዳደረሰ፣ ቻይና የጠረገው መንገድም ታንክ አደረሰ። መንገድ የመጣውን ሁሉ ያሳልፋል፤ ባለስለቷንም ባለመድፉንም። ጥፋቱ የመንገዱ አይደለም። ጦርነቱ ጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢቆምም፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ሌላ ግጭት መንገዱ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን ተደጋግሟል። «ሂዱና እዩ» ብዬ የምጨርሰውን ጽሑፍ «መንገዱን ጠይቃችሁ ሂዱ» ብዬ እንድጨርስ የተገደድኩት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን እንላለን? እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። የላሊበላ ታሪክ ድንጋዩ ብቻ አይደለም። ድንጋዩ 800 ዓመት ቆሟል፤ ብዙ ጥገና ቢያስፈልገውም ይቆማል። የሚሰበረው መንገዱ ነው። መንገዱ ሲዘጋ አስጎብኚው ልጅ ሥራ ያጣል፤ ጋሸና ላይ ሻይ የምታፈላው ሴት እሳቷን ታጠፋለች፤ የዳውንት እናት ጧፏን ይዛ ቤቷ ትቀራለች። ቅርስ ማለት ከሕዝቡ ተነጥሎ የሚቆም ድንጋይ ከሆነ፣ ላሊበላም አንድ ቀን እንደ ቲካል ትሆናለች፤ የሚያምር ፍርስራሽ።

ላሊበላ ውስጥ አንድ ልማድ አለ። ለገና ከሩቅ የሚመጣውን ምእመን የከተማዋ ሰው ተቀብሎ እግሩን ያጥባል። የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ አቧራ የጠገበ እግር፣ ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ። የጎጃም ነህ፣ የትግራይ ነህ፣ የሸዋ ነህ አይባልም። ከመንገድ ነው የመጣኸው፤ ያ ይበቃል። እኔ በዚያ ጉዞዬ የሄድኩት በገና አልነበረምና እግሬን ያጠበኝ የለም። ግን ማደሪያዬ ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ ካልሲዬ ውስጥ የጋሸና ቀይ አቧራ ነበር። በአውሮፕላን ብመጣ ኖሮ የማላገኘው እሱን ነው።

መንገዱን ሰላም ያድርግልን።